አልከፈት ያለው የልብህ ውጤት

አባዬ፣

አንተ ቁስቋም ግቢ ከተኛህ ይኼ ሦስተኛው ሁዳዴ ነው። ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አፈር ሲመለስብህ ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ ገፋፍቶኝ አይደለም። ፈርቻለሁ።

እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ዘመድ ጎረቤቱ በቃሽ ቢላት ወይ ፍንክች። የጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ታይፕ ቤትህን እኔ ይዤዋለሁ፤ አንተ ጣቴን በማስመሪያ ጫፍ እየነካህ ፊደል ያስተማርከኝ ኪቦርድ አሁንም ይሠራል፣ «ሠ» ብቻ ካልተደበደበች እሺ አትልም። ባለጉዳዩ እንደ ድሮው በር ላይ አይሰለፍም፤ ማመልከቻውን በስልኩ ጽፎ ይመጣና አትሚልኝ ብሎ ይሄዳል። ወንድሜ ደሳለኝ ደግሞ ትምህርቱን ጥሎ ሹፌር ሆኗል። ሚኒባስ ይዞ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ይመላለሳል። ስንቱን ጮኼበት! ማን ይስማኝ?

ታዲያ ይኼ ልጅህ ወደቀ። ድብ ባሕር ከተማ ላይ ቆሞ የመንገደኛ ጆንያ ከጣራ ሲያወርድ ዓይኑ ጨለመበትና ተዘረረ። ጾሙ ነው ያደከመኝ ብሎ ሳቀብን። ሳምንት ሳይሞላው እዚሁ ደጃችን ላይ ደገመው። አባዬ፣ አወዳደቁ ያንተው ነበር። አንተንስ እንዲሁ አልነበር የጀመረህ? እማዬ ጮኸች።

እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ አንተ ነው፣ አባታችሁ በምን ሞተ ብሎ። በድንገት አልነው። ድንገት የበሽታ ስም አይደለም አለን። አዲስ አበባ የተመረመርከውን የልብ ውጤት ብናመጣለት መንገዱን እንደሚያሳጥርለት ነገረን፤ እስከዚያ ድረስ ደሳለኝ መሪ ባይጨብጥ ይሻላል አለ። የአንተ ግትርነት ያለበት ልጅ ግን፣ የአባቴን ወረቀት በዓይኔ ካላየሁ መኪና አላቆምም ብሎ ማለ።

ውጤትህ ኮምፒዩተርህ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታሉ በኢሜይል የላከልህ፣ በዚያች ማሽን ላይ ብቻ እንዲከፈት የተቆለፈ ፋይል ነው። ልከፍተው ስል እምቢ አለኝ። የሰነድ ማንበቢያው ብቅ ይልና በእንግሊዝኛ፣ የዚህ ሰነድ ጊዜ ገና አልደረሰም ብሎኝ ቁጭ። ወይ ጉድ! የሞተ ሰው ወረቀት ጊዜው አልደረሰም ይባላል? ማንበቢያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። አዲሱን በስልኬ አውርጄ ጫንኩባት፣ ያው። ሌላ ዓይነት ሞከርኩ፣ እሱ ጭራሽ ፋይሉን አላወቀውም። በፍላሽ ገልብጬ ፒያሳ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ የእነሱ ማሽን ደግሞ አልተፈቀደልህም አለው። ኮምፒዩተሯን ራሷን ተሸክሜ ብወስድላቸው ቫይረስ ነው ብለው አጽድተው መለሱልኝ፤ ያንኑ ትላለች። ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። የውጤቱ ባለቤት ራሱ ይቅረብ አሉኝ። ይቅረብ!

በዚህ ሁሉ መሃል ደሳለኝ ያሽከረክራል። ሲገባ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነው የሚገባው።

አንተንም ውጤቱ መጣ ወይ ስንልህ፣ መጥቷል ግን ጊዜው ገና ነው ይላል ትለን እንደነበር ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ያልጨረሰው ነገር ቢኖር ነው ብለን ዝም አልን። አሁን ግን ክፉ ሐሳብ ገባኝ። አንብበኸዋል፣ ደብቀኸናል አልኩ። ምነው አባዬ፣ ለልጆችህ እንኳ? ተናድጄ ፎቶህን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ነክሼ ያንን ማስጠንቀቂያ እስከ ታች አነበብኩት። ፋይሉ የሚከፈተው ከዚህ ቀን ወዲህ ነው የሚል ቀን አለበት፣ በፈረንጅ። ዓይኔ ወደ ማሽኗ ጥግ ሄደ። እዚያ ያለው ቀን የእኛ ነው። አንድ ሽማግሌ ማመልከቻቸው የፈረንጅ ቀን ይዞ ቢወጣ ቀበሌ መለሰባቸው ብለህ ተናድደህ፣ ቀኑን ራሷ አስተካክላ እንድትጽፍ ኮምፒዩተሯን ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት ያዞርካት አንተ ነህ። ወር በገባ ቁጥር ታቃናታለህ፤ ጳጉሜን አላውቅም ስትልህ ትሰድባታለህ። እኔም እንዳስተማርከኝ ሳላስታጉል ቀጠልኩ። ያያት ሁሉ የእኛው ሰው ነውና ቀኗ ትክክል ነው ብሎ አለፋት። ኢንተርኔት እንኳ እምቢ ስትል ኔትወርክ ነው ብለን ተውናት። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ ያነሰ ነውና፣ ለእሷ ግን ፋይሉ ሊከፈት ገና ዓመታት ይቀሩታል።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለስኩት። ፋይሉ ተከፈተ፣ በቃ እንደዚያ በቀላሉ። አባዬ፣ አንተ አንብበኸው አታውቅም። ቆይ አለችህ፣ አንተም ሸጋው ሰው አምነሃት ቆየህ። ፎቶህን አውርጄ አቅፌው አለቀስኩ።

የልብህ ጡንቻ ወፍሯል ይላል። ከባድ ነገር አያንሳ፣ መኪና አያሽከርክር፣ በሽታው በዘር ስለሚተላለፍ ልጆቹ በሙሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ ይላል። በስልኬ አንስቼ ለሐኪሙ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ሰላምታም የለው፣ ወንድምሽ አሁን የት ነው አለኝ።

ደሳለኝ ጎህ ሲቀድ ነው የወጣው። ስልኩን ብሞክር ብሞክር አይነሳም። ደባርቅ መናኸሪያ ተራ የሚያስከብሩትን አያ ውበቱን በስልክ አገኘኋቸው። መኪናውን ሞልቶ አልፏል፣ ሊማሊሞን መውረድ ጀምሯል፣ ጉሙም ዛሬ እንደተኛ ነው አሉኝ። ሌላ ሹፌር ሮጦ እንዲደርስበት ልከዋል። ይድረስበት አይድረስበት እንጃ፤ ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ የለም። እማዬ ቅዳሴ ናት፤ አልነገርኳትም። እኔ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ስልኩ አጠገቤ ነው።

አንተን መርሳት የሚባል ነገር አላውቅም፤ ይኼን እመነኝ። ኪቦርዱን በነካሁ ቁጥር ጣቶችህን አያለሁ። ሙት ዓመትህ አይታጎልም፣ ስምህም እኔ እስካለሁ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ግን አባዬ፣ የማስታውሰው ሰው አንተ ብቻ ትበቃኛለህ፤ ሌላ አትጨምርብኝ። ልጅህ ዛሬ ወደ አንተ ብቅ ቢል፣ ናፍቆህ ይሆናል፣ ልታቅፈው እጅህን ትዘረጋ ይሆናል። አትቀፈው። ተቆጣው። እያለቀሰም ቢሆን መልስልኝ።

ልጅህ ይርገዱ