አስር ቀን ያለ ድምፅ

ሐሙስ

ሁለቴ ልናገር ነበር። አንዴ ወተቱ ሲገነፍል፣ አንዴ አባዬ ከክፍሉ «ሰናይት፣ ተነሳሽ?» ሲለኝ። ሁለቱንም ጊዜ አፌን በእጄ ያዝኩ።

የአንገት በላይ ሐኪሙ ትናንት ከድምፅ አውታሬ ላይ እባጩን ካወጣ በኋላ ያለኝ ግልጽ ነው። አስር ቀን አንድም ቃል የለም። ሹክሹክታም አይቻልም፣ እንዲያውም እሱ ይብሳል አለ። ያወጣውን ለምርመራ ልኮታል፣ ውጤቱም በአስረኛው ቀን ይመጣል። ስለ ውጤቱ እዚህ አልጽፍም።

አስራ አራት ዓመት በየጠዋቱ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሬድዮ ላይ ሳወራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንግዳ አቀርባለሁ፣ ዘፈን አስተዋውቃለሁ፣ አብሮኝ ከሚያቀርበው ከዳዊት ጋር እቀላለዳለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ስለ ኑሮ አንዳንድ ነገር አነሳለሁ። ቤትም ገብቼ አላርፍም። አሁን በቃ።

ለሌላው ሰው ጽፌ አሳያለሁ። ችግሩ አባዬ ነው። ዓይኑን የዓይን ግፊት ከወሰደበት ስድስት ዓመት ሆነው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ከመታከሜ በፊት ተስማምተናል፦ አንዴ ካንኳኳሁ አዎ፣ ሁለቴ ካንኳኳሁ አይደለም።

አንድ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዱ ሬድዮኑን ከፈተ። ዳዊት «ሰናይት ትንሽ አሟት እረፍት ላይ ናት፣ ፌቨን ከእኛ ጋር ናት» አለ። ፌቨንን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። አባዬ የመጀመሪያው ዘፈን እስኪያልቅ ጠብቆ ዘጋው።

«ነገ እሰማለሁ» አለ።

አርብ

እንዲህ ሆኜ የማልችላቸው ነገሮች፦ ስልክ ማንሳት። በሽንኩርት ዋጋ መከራከር። አባዬ ወደ በሩ ጠርዝ ሲሄድ «ቀስ» ማለት። ይሄ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ዛሬ ግንባሩን መታ።

የእንግዶቹን ፋይል ለፌቨን ልሰጥ ባምቢስ ወዳለው ጣቢያችን ሄድኩ። በፋይሉ ውስጥ የረቡዕ እንግዳ ወይዘሮ የሺመቤት አለች። በወጣትነቷ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ካዛንቺስ ያለው ቤቷ ሲፈርስ ነው ያገኘኋት። እንድትመጣ ለማሳመን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ለፌቨን እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ወይዘሮ የሺመቤት ዝም ማለት ታበዛለች። ዝም ስትል ቶሎ ሌላ ጥያቄ አምጪ። አየሩ ባዶ እንዳይሆን።» ፌቨን አንብባ «እሺ ሰኒዬ» አለች። ወንበሬ ላይ ሹራቧን ሰቅላለች።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልቻልኩም። ወንበሩን ባንኳኳ ረዳቱ አልሰማኝም፣ ሙዚቃው ይጮሃል። የምወርድበትን ቡልጋሪያን አለፍን። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጎተራ ደረስኩ። በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። ድምፅ የሌለው ሰው የፈለገበት ቦታ አይወርድም ማለት ነው።

እሁድ

ትንሽ ድል። በር ለበር ጎረቤታችን ዘሃራ ከሰዓት መጣች። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ለአባዬ ታነብለታለች።

«አባዬ፣ የግፊት መድኃኒትዎን አልወሰዱም ትላለች» አለችው።

«ልጄ አንቱ አትለኝም» አላት አባዬ። «አስተካክለሽ አንብቢ።»

ዘሃራ አፈረች። አባቴን አንተ ማለት አልሆንላት አለ። በመጨረሻ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ «መድኃኒትህን አልወሰድክም» አለችና ከት ብላ ሳቀች። አባዬም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅም አይፈቀድልኝም። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

ስትሄድ አባዬ ጠራኝ። «ሰናይት፣ ትፈሪያለሽ?»

አንዴ አንኳኳሁ።

«እኔም» አለ።

ማክሰኞ

ሁለት ቀን ሙሉ ስንት አድማጭ ስለ እኔ እንደሚጠይቅ ስቆጥር ነበር። ማፈር ያለብኝ ነገር ነው፣ ግን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። ትናንት አራት ሰው። ዛሬ አንድ፣ እሱም ከእኔ ይልቅ አንድ የቆየ ዘፈን ነው የፈለገው። ቶሎ ቶሎ ትናገር የነበረችው ፌቨን ተረጋግታለች። አድማጮች በስሟ ይጠሯታል። ዳዊት ከእኔ ጋር ሲቀልድ የነበረውን ቀልድ ሁሉ ከእሷ ጋር ይቀልዳል። ደግሞ ትስቃለች።

ከሰዓት የጣቢያው ኃላፊ መልእክት ላከ። «ተረጋግተሽ አገግሚ። ለጊዜው ፌቨን ትቀጥል። ስትመለሺ ከማይክ ጀርባ ስላለው የዝግጅት ሥራ እንነጋገራለን።»

ከማይክ ጀርባ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በደግነት ነው የጻፈው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ለአባዬ አልነገርኩትም። እንዴት እነግረዋለሁ? ለዚህ የሚሆን ማንኳኳት የለንም።

ረቡዕ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ የሺመቤት ገባች። እኔና አባዬ ሬድዮኑ አጠገብ ተቀምጠናል። መጀመሪያ ለእኔ የነገረችኝን ነው የተናገረችው፦ የማዳመጫው ክብደት፣ የኬብሉ ብዛት፣ የሰዎች ጠባይ። ከዚያ ፌቨን ያልረሱት ጥሪ አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አለ» አለች። «ጎረቤቴ ነበረች። የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። በየአርቡ ስልክ ቤት ትመጣና አስመራ ካለው ወታደር ልጇ ጋር እንዳገናኛት ትጠይቀኛለች። አንድ አርብ እዚያ ያለችው ኦፕሬተር ልጁ የለም፣ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አትጥሪው አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«መስመሩ ተበላሽቷል አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ መስመሩ ተበላሽቷል አልኳት።»

ከዚያ ዝም አለች።

እዚህ ጋ እኔ ብሆን ገብቼ ነበር። «ከባድ ጊዜ ነበር» እል ነበር፣ ወይ ወደ ዘፈን እሄድ ነበር። ፌቨንም ትገባለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔው ራሴ ጽፌላታለሁ። አልገባችም። ዳዊትም አልገባም። መቁጠር ጀመርኩ። አስራ አራት ሰከንድ። ሬድዮ ላይ አስራ አራት ሰከንድ ማለት ሰው የተቋረጠ መስሎት ጣቢያ የሚቀይርበት ጊዜ ነው። አባዬ እጁን ሬድዮኑ ላይ አደረገ፣ ግን ቁልፉን አላዞረም።

«ስትጸልይ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ» አለች ወይዘሮ የሺመቤት። «መስመሩን እንዲጠግኑት ነበር የምትጸልየው።»

ጎረቤቷ የልጇን ሞት በኋላ ከመንግሥት ተነግሯት አወቀች። ወይዘሮ የሺመቤት ታውቅ እንደነበር ግን ሳትሰማ ሞተች። «አሁን ቤታችንም ፈርሷል፣ ግድግዳውም የለም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም» አለች ወይዘሮ የሺመቤት። ፌቨን «ስለነገሩን እናመሰግናለን» ብቻ አለች፣ ዋሽንት ተከተለ።

ሦስት ወር ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ። በሄድኩ ቁጥር ልትናገረው አፏ ላይ ደርሶ ይሆናል። እኔ እያወራሁ ነበር።

አባዬ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ይቺ ልጅ መስማት ትችላለች» አለ።

አንዴ አንኳኳሁ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።

ሐሙስ

ፌቨን ጻፈችልኝ። «የጻፍሽልኝን ስላልሰማሁ ይቅርታ ሰኒዬ። ልገባ ነበር፣ ማለቴ አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም። ተናደሽብኛል?»

ሦስት መልስ ጽፌ አጠፋሁ። አንዱ ክፉ ነበር። አንዱ የትልቅ ሰው ምክር ይመስል ነበር። አንዱ ደግሞ ውሸት። በመጨረሻ «ከእኔ የተሻለ ሠርተሻል» ብዬ ላክሁት። እውነት ስለሆነ ነው የላክሁት። ደስ ብሎኝ አይደለም።

አርብ

ነገ ነው። ሳልናገር ዘጠኝ ቀን አለፈ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ አባዬን ማን ይይዘዋል? ዘሃራ አለች፣ ግን የራሷ ልጆች አሏት። ወንድሜ መቀሌ ነው። ከዚህ በላይ ላስብበት አልፈልግም። ልብስ አጠብኩ። ሳይደርቅ ዘነበበት።

ቅዳሜ

ንጹህ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳይገልጠው ነው የነገረኝ፣ ደግ ሰው ነው።

ከዚያ «እስቲ ስምሽን ንገሪኝ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አይደለም። ወፍራም ነው፣ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻው ትንፋሽ ብቻ ነው። ይሻሻላል ወይ አልኩት። «ይሻሻላል። እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ለጊዜው በቀን አምስት ደቂቃ ተናገሪ። ሦስት ሰዓት ማውራቱን ግን ለዚህ ዓመት እርሺው።» ከአምስት ደቂቃው አንዱን እዚያው ጨረስኩት። የቀረውን ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አላባከንኩም፣ ቡልጋሪያ የሚወርድ ሌላ ሰው ነበር።

አባዬ ሳሎን ተቀምጧል። በሩን ዘግቼ «አባዬ» አልኩት።

ቀና አለ። ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት፣ «ማን ልበል?» አለ።

ዝም ስል ነው መሰለኝ ያወቀኝ። «ሰናይት? ጓለይ፣ አንቺ ነሽ?» አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በትግርኛ ጓለይ፣ ልጄ፣ ብሎኝ አያውቅም።

«ውጤቱ ንጹህ ነው» አልኩት። እጄን ፈልጎ ያዘኝና ብዙ ቆየ። ከዚያ «በይ ተናገሪ፣ ልልመደው» አለኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ቀርቶኛል። የኃላፊውን መልእክት ነገርኩት። ሰኞ ሄጄ ላናግረው እንዳሰብኩ፣ ሥራውን እሺ ልበል አልበል ገና እንዳላወቅኩ ነገርኩት። በፌቨን እንደቀናሁም ነገርኩት። መጀመሪያ ላይ በተናገርኩ ቁጥር፣ ሌላ ሰው የገባ ይመስል፣ ፊቱን ወደ በሩ ያዞር ነበር። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ማዞሩን ተወው።