ማርሹ ፒ ላይ ነበር

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ፒ ላይ አድርጌዋለሁ። ደግሜ ልጻፈው። ፒ ላይ አድርጌዋለሁ። እጄ ያስታውሳል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአሠሪዬን የሐጂን መኪና በኋላ ማርሽ ወደ መደብሩ በር አስጠጋኋት። አማቴ አቶ ዳና አብረውኝ ነበሩ። ትናንት ከዲምቱ ይዤያቸው መጥቼ እኛ ቤት አድረዋል፤ በቆሏቸውን ለሐጂ ሊያስረክቡ ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ ማርሹን ወደ ፒ ገፋሁና ወረድኩ። የእጅ ፍሬን አልሳብኩም። በዚህች መኪና ስቤ አላውቅም። ኦቶማቲክ ናት፤ ለሐጂ የሸጠላቸው ፈረንጅ ሲያስተምረኝ «ፒ ማለት ቁም ማለት ነው» ብሎኛል።

አማቴ ቀድመውኝ ከኋላ ደርሰዋል። ጆንያውን ሊያወርዱ ጎንበስ እንዳሉ መኪናዋ ለብቻዋ ወደ ኋላ ሄደች። ቀኝ እግራቸው በእሷና በድንጋዩ ደረጃ መካከል ቀረ።

እሳቸው አልጮኹም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ዘልዬ ገብቼ ወደ ፊት ሳወጣት ማርሹ ፒ ላይ እንደነበረ አይቻለሁ። አይቻለሁ መሰለኝ።

ኦቶና ሆስፒታል በሐጂ የጭነት መኪና አደረስናቸው። ባለቤቴ አስቴር ከምታስተምርበት ክፍል ሮጣ መጣች፤ ጣቷ ላይ ጠመኔ ነበረ። «ማርሹን አስገብተኸው ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ምን ነዳት?»



ረቡዕ፣ የካቲት 10

ፖሊስ ቃሌን ጻፈ፤ ሐጂ ዋስ ሆኑኝና ለቀቀኝ። ከዚያ ሐጂ ሱቁ ጥግ ወስደው አስቀመጡኝ።

«ማርቆስ ልጄ፣ አንተን ሰካራም የሚልህ የለም። ግን መኪና ያለ ሰው አይሄድም። ረስተህ ነው። ረሳሁ በልና ይውጣልህ።»

«አልረሳሁም ሐጂ።»

«እንግዲህ አላህ ያውቃል» አሉና መኪናዋን ከመደብራቸው ፊት እንዳነሳላቸው አዘዙኝ። ገበያተኛው ቆሞ እያየ ነው፤ ደሙ በውሃ አልለቅ ብሏል። ስድስት ሆነን ገፍተን ግቢዬ አስገባናት። በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። አሁን! ትናንት አንዲት ድንጋይ ባደርግ ኖሮ!

የከተማውን መካኒክ ለመንኩት። አጎንብሶ አየና ተነሣ። «የጭነት መኪና ቢሆን እሺ። ኦቶማቲክ አልነካም፤ አዲስ አበባ ላካት» ብሎኝ ሄደ።

ከኦቶና የሰማሁት፦ አጥንቱ ደቋል፤ ቁስሉ መጥፎ ነው። እግሩ መትረፉ እስከ ቅዳሜ ይታያል ብለዋል።

እርግጠኛ የሆንኩባቸውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር። የእጅ ፍሬን አልተሳበም። ማርሹ…

አር፣ የኋላ ማርሹ ላይ ትቼው ይሆን? ዛሬ እጄም አያስታውስም።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

አገኘሁት።

ጠዋት በክሪክ አንሥቼ፣ ከሥሯ ግንድ ደግፌ፣ በጀርባዬ ገባሁ። ከመሪው አጠገብ ያለው የማርሽ እጀታ እንቅስቃሴው ወደ ታች የሚወርደው በቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው ላይ ካለች አጭር ክንድ ጋር ይገናኛል። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት መኖር አለበት፤ መካኒኮች ቦኮላ የሚሉት። ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ እንዳይዋልል የሚይዘው እሱ ነው። ከቦኮላው የቀረው እንደ ጥፍር የሳሳች ቁራጭ ብቻ ናት። ስነካት እጄ ላይ ፈረሰች። ቀዳዳው ባዶውን ቀርቶ ዘንጉ እንደ ልቡ ይመላለስበታል።

ወጣሁ፤ እጀታውን ፒ ላይ አደረግሁ። ተመልሼ ገባሁ። ክንዷ መድረሻዋ አልደረሰችም፤ የአንድ ጣት ያህል ይቀራታል። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ላይ ፒ ይላል፣ ታች ያለችው ገና ከአር አልወጣችም።

አፈር ላይ ተኝቼ አለቀስኩ። ልብሴን ሳልቀይር ኦቶና ድረስ ሮጥኩ። አስቴርን በረንዳው ላይ አገኘኋት።

«አስቴር፣ እኔ አይደለሁም! ቦኮላው አልቆ ነው! ፒ ላይ አድርጌው ነበር!»

ከላይ እስከ ታች፣ ግራሶውን፣ አፈሩን አየችኝ።

«እሺ» አለች። «ታዲያ ይኼ አባቴን ያቆመዋል?»

አርብ፣ የካቲት 12

የትናንቱ ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ትዝ አለኝ። ሰኞ ከዲምቱ ስንመጣ አማቴ ከጎኔ ተቀምጠው እጀታውን ሲያዩ ነበር። «ይኼ ነገር እንደ እኔ ጥርስ ይነቃነቃል። ደኅና ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። «አባባ፣ የሀብታም መኪና እንዲህ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ።

ስልሳ ያህል ዓመት የኖሩ፣ መኪና የማያውቁ ሰው ያዩትን እኔ ሹፌሩ አላየሁም? አይቻለሁ። ከገና ጀምሮ ላልቷል። ወደ ፊት መሄጃው ዲ ላይ ለማስገባት ሁለቴ መግፋት ነበረብኝ። ለሐጂ አልነገርኩም፤ ብነግር መኪናዋ አዲስ አበባ ትላካለች፣ እኔ ያለ ሥራ እቀመጣለሁ ብዬ ፈራሁ። አንድም ቀን ከሥሯ ገብቼ አላየሁም።

እጄ ፒ ላይ አድርጎታል። ግን እጄ መላላቱንም ያውቅ ነበር።

ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቦኮላ ልሠራ ሞከርኩ። መጀመሪያ ቆዳ ጠቅልዬ አስገባሁ፤ በአሥረኛው ግፊት ተንሸራቶ ወጣ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ሠራሁ፤ ልል ነው፣ ክንዷ አሁንም አትደርስም። ጣቴን ቆርጬዋለሁ። ደግ አደረገኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13

ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ።



ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው አልጋቸው አጠገብ ጸለዩ። ሁሉም አሜን አሉ። አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ፣ መኪናው ነው እንጂ አንተ አይደለህም አሉ፤ ሰምተናል» አሉኝ። ያወራሁት እኔው ነኝ፤ ሐሙስ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። አሁን ሰው ሁሉ ያጽናናኛል። ከስድብ ይብሳል።

እሁድ፣ የካቲት 14

ጸሎት ቤት አልሄድኩም። በሰንበት ሞረድ ያዝኩ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ቤት ውስጥ የተሰነጠቀ የቀንድ ዋንጫ ነበረ። ከወፍራሙ በኩል ቆረጥኩ፣ በጋለ ምስማር በሳሁ፣ በሞረድ እየፋቅሁ እየለካሁ ዋልኩ። ሁለቱ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው ገባ። በመዶሻ ቀስ አድርጌ መታሁት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ዘንጉን መለስኩ። እጀታውን ፒ ላይ አድርጌ፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ገፍቼ፣ ቀጭ ስትል የዘንጉን ብሎን አጠበቅሁ። ከዚያ ሃያ ጊዜ አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ ከሥሯ ገብቼ አየሁ። ሃያውንም ጊዜ ቦታዋ ደርሳለች።

እንዲህ ቀላል ነበር። የአንድ ቀን ሥራ። ከገና በኋላ ስንት ቀን ነበረኝ?

ሰኞ፣ የካቲት 15

ነገርኳቸው።

አስቴር ሾርባ እያጠጣቻቸው ነበር። ቆሜ፣ በወላይትኛ፣ ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ መላላቱን ከገና ጀምሮ እንደማውቅ፣ ለምን እንደደበቅሁ፣ ሲጠይቁኝ ለምን እንደሳቅሁ። ማንኪያው አስቴር እጅ ላይ ቆመ።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ውጣ» አለችኝ አስቴር። ጮክ ብላ አይደለም።

ለሐጂም ነገርኳቸው። እሳቸው ብዙ ተናገሩ፤ የሚገባኝ ነው። ሲጨርሱ «መኪናዋ ትሄዳለች?» ብለው ጠየቁ። ትሄዳለች አልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 29

ሁለት ሳምንት አልጻፍኩም። አስቴር ኦቶና ነበረች፣ እኔ ባዶ ቤት። በየቀኑ ምግብ አደርሳለሁ፤ በር ላይ ትቀበለኛለች።

ዛሬ አማቴ ከሆስፒታሉ ወጡ። አውቶቡስ አይችሉም፤ እግራቸውን ዘርግተው መቀመጥ አለባቸው። ሐጂ መኪናዋን ፈቀዱ። «አንተው ውሰዳቸው። ሌላ የሚነዳት የለም» አሉ።

አስቴር አባቷን ከኋላ ወንበር አስተኝታ ራሳቸውን ጭኗ ላይ ያዘች። እስከ ዲምቱ ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር እሳቸው ትንፋሻቸውን ሲይዙ እሰማለሁ። በሕይወቴ እንደዚህ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም።

ደጃቸው ሜዳ ላይ አቆምኩ። ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን፣ ሞተር ጠፋ፣ ድንጋይ። ወንድሞቻቸው ተሸክመው አስገቧቸው። አስቴር ዕቃዋን ሁሉ ይዛ ገባች። መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅሁም።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ግባ ያለኝ የለም፤ መሄድም አልቻልኩም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ታናሽ ወንድማቸው ወጥተው እንደ ማፈር አሉና፣ «ይጠራሃል» አሉኝ።

አማቴ ምድጃው አጠገብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከነገርኳቸው ቀን ወዲህ ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ዝናቡ ሊመጣ ነው። የቦይናው መሬት አልተቆፈረም። ወንድሞቼ የየራሳቸው አላቸው፤ እኔ መቆፈር አልችልም።»

«እሺ አባባ።»

«እሺ አትበለኝ። ነገ ጠዋት ተነሥ።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 30

ጎደሬ የሚተከልበትን የቦይና መሬት ቆፈርኩ። ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ። እሳቸው ወንበር አስወጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠው አዩኝ። «ጥልቅ አድርገው» ይላሉ። «እዚያ ዘለልክ» ይላሉ።

ቀትር ላይ አስቴር በቅል ውሃ አመጣችልኝ። ስጠጣ አጠገቤ ቆማ እርሻውን ለካችው በዓይኗ።

«ይኼ በአንድ ሳምንት አያልቅም» አለች።

«አያልቅም።»

«ለሐጂ መልእክት ላክ እንግዲህ፤ መኪናዋም አንተም እዚህ ትቆያላችሁ።»

ቅሉን ተቀብላኝ ሄደች። ይቅርታ ይሁን ቅጣት አላወቅሁም። አማቴ ከጥላው ሥር «ምን ቆመሃል?» አሉ። ዶማዬን አነሣሁ።