የባልሽ ብሎኖች

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የሰው አገሩ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ከሥራ ስትገቢ የሚያዋራሽ ሰው አገኘሽ ወይስ ያው ብቻሽን ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ ባልሽ ካልጨረሰን።

ምን እየሠራ ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ብረት እያጠመቀ ነው! የእማዬ ተሽከርካሪ ወንበር ብሎኖች ዛጉ ብሎ ሁሉንም ፈታና ወጥ ቤቱን ወረሰው። በሚስቴ ትልቁ ድስት አቼቶና ጨው በጠበጠ፣ የዚንክ ቁራጭ ከተተበት፣ ከመኪና ባትሪ ሽቦ ጎተተ፤ ዝገት እንዳይነካቸው ዚንክ ሊያለብሳቸው ነው አሉ። ሥራ ከፈታ ወዲህ መጥረጊያ እንኳን ጨብጦ የማያውቅ ሰው መሐንዲስ ሆነልሽ። እማዬ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ እሱ ድስቱን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

ብሎኖቹ አበሩ፣ አልዋሽም። ግን ልባሱ ስለወፈረ ማጥበቂያው ዳዶ በብሎኑ ላይ አልገባ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ልባሱን አስለቅቆ እንደገና ይጀምር ነበር። ያንቺው ጉድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሞረድ አንስቶ የብሎኑን ጥርስ ሞረደው! ዳዶው ሰተት ብሎ ገባ፤ እሱም «አየህ?» አለኝ። አየሁ እንጂ። እማዬን በሩ ድረስ እንደገፋናት አንዱ ጎማ ወልቆ ብቻውን መንገዱን ቀጠለ። ቀሚሷን ቀልቤ ባልይዘው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ መርዶ ነበር። እሱ ብሎኑን እያገላበጠ «ሲያበራ ግን!» ይላል። ወይ አለማፈር! ከዚያ እንደገና አጥብቆ ገጠመው፣ አበቃ፣ ተስተካከለ አለ።

በነጋታው እሱ ሳይነሳ ጎማዎቹን የያዙትን ብሎኖች አውጥቼ በሱቅ ብሎን ቀየርኳቸው። አሁን ጎረቤት በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ የእኔ ሥራ ነው እያለ የሱቁን ብሎን ያሳያል። ደሜ ፈላ። ላዋርደው አፌን ስከፍት እማዬ እጄን ጨመቅ አደረገችኝ። ብቻችንን ስንሆን «አውቄያለሁ፣ ዝም በል። እህትህ ከሄደች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ገና አሁን ነው» አለችኝ።

እኔ ይሄን ሰው አልወደውም፣ አልደብቅሽም። ግን እትዬ፣ ወይ ነይለት ወይ ውሰጅው። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ የእማዬን አልጋ ብሎኖች እያየ ነው።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። ሚስቴ በድስቷ ብትበግንም ሰላም ብላሻለች። ባልሽ ራሱ ትርፍ ያለበሰውን አንድ ብሎን በጨርቅ ጠቅልሎ «ላክላት፣ ስታየው ታስበኝ» ብሎ ሰጥቶኛል፤ ይኸው አብሬ ልኬልሻለሁ። አደራ፣ ምንም ነገር እንዳታስሪበት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእማዬ ቤት፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን