አዛዥ ሳህሌ ከመሿለኪያው አልወጣም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለዘሀራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ያ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ጀማለዲን መኪናው ተጠግኖለት ወደ ሥራ ተመለሰ? አማትሽ እማ የሻረግ ክረምቱ ሳይገባ ጉልበታቸው ሻል አላቸው? ሙዓዝ የፊት ጥርሱ በቀለ? ሳፋስ? ስለ ሳፋ ከታች ብዙ ስለምጽፍ አሁን ደህና ናት ወይ ብዬ ብቻ ልለፍ። እኔና አባባ በአካል ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ፈተናዬንም ጨርሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። የቤታችሁ ስልክ የሁሉም ነው። በቴሌግራም የጻፍኩልሽን ሳፋ ቀድማ ታነበዋለች፤ በድምፅ የላክሁትን ደግሞ ሙዓዝ እስከ ጎረቤት ድረስ ያሰማዋል። ይህ ብቻሽን ሆነሽ ማንበብ ያለብሽ ነገር ስለሆነ በወረቀት ጽፌ ከበላያችን ፎቅ ለሚኖሩት ለእትዬ ዊጅዳን ሰጥቻለሁ። ለእረፍት ኮምቦልቻ ሲመጡ በአንቺ እጅ እንጂ በማንም እጅ እንዳይሰጡት አደራ ብያቸዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ከአገር ከወጣሁበት ከሦስተኛ ክፍል አላደገም፤ ታገሺኝ።

ቤታችን ዝም ብሏል። አባባ የማታውን አውቶቡስ ትተው የጠዋቱን መንዳት ይዘዋል፤ የምንገናኘው ለመግሪብ ነው። ምግብ እናሞቃለን፣ እንበላለን፣ «ጠገብህ?» ይሉኛል፣ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። የዕለቱ ወሬያችን ይኸው ነው። ወንድማችን አክረም አምሽቶ ሲገባ እንዳይቸገር የበሩን ሰንሰለት ሳናስር እንተኛ ነበር አይደል? እስካሁን አናስረውም። ሁለታችንም እናየዋለን፤ ሁለታችንም እናልፈዋለን።

ትምህርት ቤት ሐዘን የደረሰበትን ተማሪ የምታነጋግር ሴት አለች። ደግ ናት። ቀለም እርሳሶች አቅርባልኝ ሐዘንህ ምን ዓይነት ቀለም አለው ብላ ጠየቀችኝ። እንድትለቀኝ ብዬ ሰማያዊ አልኳት። ትምህርት ቤት የምሄደው በአውቶቡስ ነው፤ ይዘገያል እንጂ ይሻለኛል። ወደ ምድር ውስጥ ባቡር መውረድ ትቻለሁ። ባቡሩ ሊመጣ ሲል ከጨለማው ውስጥ የሚነፍሰውን ነፋስ አልችለውም። እኔና አክረም በድምፅ እየቀዳን ለልጆችሽ እንልከው በነበረው ድራማ ያ ነፋስ የዓለቱ ትንፋሽ ነበር።

ድራማውን አንቺ ወጥ እየሠራሽ በግማሽ ጆሮሽ ነበር የምትሰሚው፤ ስለዚህ ላስታውስሽ። ጊዜው ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ፀሐይ የምድርን ፊት አቃጥላው ሰዎች ከምድር በታች ይኖራሉ። ከተማን ከከተማ የሚያገናኙት መሿለኪያዎች ናቸው፤ የቆፈሯቸው ማሽኖች ግን ከተበላሹ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ዓለቱ ደግሞ ሕይወት አለው፤ እንደ ቁስል ይገጥማል። ክፍት ሆኖ የሚቆየው ሰው ሲያወራበት ብቻ ነው። ስለዚህ የመሿለኪያ ሰዎች ሲሄዱ አፋቸው አያርፍም፤ ይሰዳደባሉ፣ ተረት ያወራሉ፣ በሽንኩርት ዋጋ ይከራከራሉ። ዝም ካሉ ዓለቱ ይመጣል። አዛዥ ሳህሌ አክረም ነበር። ፈሪው ማኑሄ እኔ ነበርኩ።

ነፋሱን የቀዳነው ኬንቲሽ ታውን ጣቢያ እታች ወርደን ነው። የሚንጠባጠበውን ውሃ ከመታጠቢያ ክፍላችን፣ ድምፃችንን ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ ካፖርት መሃል ተጣብቀን። አክረም መቼም ምላሱን ታውቂዋለሽ። «አንተ ልጅ፣ ዓለት ሊበላህ ነው እንጂ የቤት ሥራ አልረሳህም! ፍራ እንጂ!» ይለኛል። እኔም «ያንተ አዛዥ የታክሲ ረዳት ነው የሚመስለው» እለዋለሁ። «ሞኝ፣ ከዚህ ጉድ የሚያወጣን እኮ የታክሲ ረዳት ነው፤ አፉ አይዘጋም» ብሎ ይስቃል፤ ሲስቅ ያስለዋል፤ እንደገና እንቀዳለን።

ለልጆችሽ በላክነው በመጨረሻው ክፍል ሳህሌ ማኑሄን አስቀድሞ አወጣው። ከዚያ ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ሴትዮ ሊያመጣ «አንተ በሩ ላይ ቁም፤ እኔ እያወራሁ እመለሳለሁ» ብሎ ገባ። ቀጣዩን ሳንቀዳ በዚያው ሳምንት አክረም ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አስሙ ተነስቶበት ሞተ።

አንቺ ልጆቹን ለእማ የሻረግ ትተሽ ደሴ አክስታችን ቤት ተቀመጥሽ። ለቅሶሽን እዚያ አልቅሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ወደ ቤትሽ ተመለስሽ። ለሳፋ አጎትሽ ሥራ በዝቶበት ሩቅ ከተማ ሄዷል፣ ይሰማሻል እንጂ መልስ መላክ አይችልም አልሻት። ለልጅ መርዶ አይነገርም ብለሽ ነው፤ እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። የአክረም ስልክ እኔ ጋ ነው፤ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ሳፋ በየጊዜው ትልክበታለች። «አጎቴ፣ ሳህሌን በጎን አውጣው፤ በጎን ማንም አይጠብቅም።» «አጎቴ፣ ሳህሌ የሚያወራው ካለቀበት ያስነጥስ፤ ማስነጠስም ድምፅ ነው።» «ያ ማኑሄ በሩ ላይ ቆሞ እግሩ አልደነዘዘም? ገብቶ አያግዘውም? ፈሪ!» ደጋግሜ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ያስቀኛል፤ ስስቅ የምሰማው ድምፅ የእኔ ብቻ ስለሚሆን አቆማለሁ።

ባለፈው ወር ደውለሽ «አልአሚንዬ፣ ድምፅህ እኮ ከእሱ አይለይም። እባክህ ሳህሌን አውጣውና ልጄ ትረፍ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ቅዳሜ ከሰዓት አባባ የተኙ መስሎኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። እንደ እሱ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ማኑሄ! አንተ ፈሪ፣ እዚያው ነህ? ወጣሁ እኮ!» አልኩ። የቀዳሁትን መልሼ ከፍቼ ሰማሁት። እሱ ነበር።

በሩ ተከፈተ። አባባ ለአሱር ውዱእ እያደረጉ ነበር። ከክንዳቸው ውሃ ይንጠባጠባል፤ አንዱ እግራቸው ታጥቧል፣ ሌላው ካልሲ እንዳለበት ነው። ካፖርቱን ገልጠው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ድገመው እስቲ» አሉ። ደገምኩላቸው። በማግስቱ «ያችን ነገር አሰማኝ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ሲወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ጠየቁኝ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። እታለም፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። እሳቸው እንደወጡ አጠፋሁት። ሲመለሱ ስነግራቸው መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ከዚያ ሻይ ቀድተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «ደግ አደረግህ። ልለምደው ነበር» አሉኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ አክረም የተነጋገርነው ያንን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሳህሌን አላወጣውም። ማኑሄ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ መሿለኪያው ይገጥማል፣ ማኑሄ ዞሮ ለከተማው ሰው ይናገራል ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ግን ምን ብሎ ይናገር? መርዶ ሲነገር አይቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ለአባባም የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የነገርኳቸውም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው አልመጣልኝም። አባባ ቋንቋውን እንደማያውቅ ሰው «ምን?» አሉኝ። አሁንም በእንግሊዝኛ ደገምኩላቸው። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበርን። ለአንቺ ግን አክስታችን ቤት ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው፣ ሴቶቹ ከኋላሽ ቆመው፣ እንዳትወድቂ ተይዘሽ ነው የተነገረሽ ብላ አክስታችን አውርታኛለች። ቀናሁብሽ ብልሽ ትቆጪኛለሽ?

ይህን ስጽፍና ስሰርዝ ነው የሳፋ መልእክት የገባው። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸችም፤ እያንሾካሾከች ነው። ከሮቶው ጀርባ ተቀምጣ እንደሆነ ነገረችኝ። ቃሏን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። «አልአሚን፣ ስልኩ አንተ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቴ እንደሞተም አውቃለሁ። በረመዳን ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ፣ የለንደኑን አጎትሽን አላህ ይርሐመው አለችኝ። አሚን አልኩ። ዱቄቱን ተሸክሜ መጣሁ። እማዬ እያንጎራጎረች ነበር፤ እንዳላስለቅሳት ብዬ ዝም አልኩ። ስለ ሳህሌ የምልከው እኮ እሷ አጠገቤ ስትሆን ነው፤ አላወቀችም ብላ ደስ እንዲላት። አንተ አደራ እንዳትነግራት። ሳህሌ ካልወጣም ግን ምንም አይደል።» ከዚያ ሙዓዝ ሲጠራት ይሰማል። «ውሃ እየቀዳሁ ነው፣ አንተ ጆሮ ጠቢ!» ብላ ጮኸችበትና አጠፋችው።

አደራዋን በላሁ። ብትጣላኝም ትጣላኝ። ልጅሽ አጎቷ መሞቱን ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ሰምታ፣ አሚን ብላ፣ ዱቄት ተሸክማ ብቻዋን ወደ ቤት መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ ለእሷ ብለሽ ታንጎራጉሪያለሽ፤ እሷ ለአንቺ ብላ ስለ ሳህሌ ታወራለች። እኔ ይህን ብቸኝነት አውቀዋለሁ፤ ከባድ ነው። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እሷ አሥር ነው።

እታለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሳፋ ማወቋን አውቄያለሁ ብለሽ ማእድ ቤት ጥግ ይዘሽ አትንገሪያት። መርዶ አርጂያት። አክስታችን ከደሴ ትምጣ። እማ የሻረግ ይኑሩ፣ ጀማለዲንም ሥራ ይቅርበት፣ የጎረቤት ሴቶች ይምጡ። ቀድማ ብታውቅም እንደ ሰው በማለዳ፣ በሰው መሃል ይነገራት። የሚይዛት ሰው ይኑር። ስታለቅስም አብረሻት አልቅሺ፤ ያስቀመጥሽው እንባ እንዳለ ከድምፅሽ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ደውለሽልን ስልኩን ክፍት አድርጊና መሃል አስቀምጪው። ሥራ እንዳይገቡ ለአባባ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ሁለታችንም እዚህ ቁጭ ብለን እንሰማለን። ሽማግሌው ማንን ቀድመው እንደሚያመሰግኑ፣ የአክረምን ስም መቼ እንደሚጠሩ፣ ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚቀበሉ ልስማ። ለድራማው ብዬ አይደለም። ለእኔና ለአባባም እስካሁን ማንም አልነገረንም።

ለጀማለዲን ሰላም በይልኝ፤ መኪናው ካስቸገረው ሸጦ ይገላገለው። ለእማ የሻረግ እጅ ነስቻለሁ፤ ዱዓቸው አይለየኝ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሙዓዝን ጥርስ በሌለው በኩል ጉንጩን ሳሚው። አባባም ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል፤ ይህን ደብዳቤ መጻፌን ያውቃሉ፤ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እስካሁን በስልክ ለልጆቹ ሰላምታ ስታቀርቢ «ከሁለቱም አጎቶቻችሁ» ስትይ ዝም እልሽ ነበር። ለሳፋ ግን ይህኛውን ሰላምታ ከአልአሚን ብቻ ነው በያት።

ወንድምሽ አልአሚን

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.