ሳይሞላ የቀረው ሣጥን

ይድረስ ለወዳጄ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የጎንደር ብርድስ ለመደህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የመተማ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፤ ከሱቃችን ቆርቆሮ ሥር ሊጥ ቢያስቀምጡ ይበስላል። አባባም ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ከአጠገቤ አይጠፉም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ያን በስልክ በነጻ የሚገኝ፣ አንተ ያስተማርከኝን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ስም መሙያ ጨዋታ አልተውኩትም። ኔትወርክ ባለ ቀን ሁሉ ሱቅ ቁጭ ብዬ እከፍተዋለሁ። አሁን ደግሞ አባባም ሱስ ሆኖባቸዋል ብልህ ታምነኛለህ? የአንድም ተጫዋች ስም አያውቁም፤ ክርክሩን ግን ማን ብሏቸው! መጀመሪያ ሳስረዳቸው፣ ከላይ ሦስት ቡድን፣ ከጎን ሦስት ቡድን አለ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ ለሁለቱም የተጫወተ ሰው ይጻፋል አልኳቸው። ለሁለቱም የሠራማ ደላላ ነው እንጂ ምን ተጫዋች ነው ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ሣጥን በሞላሁ ቁጥር ደላላው ተገኘ እያሉ ያጨበጭባሉ። ሰሊጥ ሊሸጥ የመጣ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።

ባለፈው ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ፣ አንዲት ሣጥን ቀረችን። የቀረን ሙከራም አንድ ብቻ ነበር። የምወደውን ተጫዋች ታውቀው የለ? እሱን ጻፍኩ። ቀይ በራና ጨዋታው አለቀ። አባባ ይህን ያህል የምታሞግሽው ሰው እንዴት አይሆንም ብለው ተቆጡ። ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ቡድን ስላልወጣ ለአንዱም ሣጥን አይሆንም አልኳቸው። እያወቅሽ ታዲያ ለምን ጻፍሽው አሉኝ። ሌላ ስም አልመጣልኝም፣ ደግሞም ታማኝነቱን እወድለታለሁ አልኩ።

ታማኝስ ታማኝ ነው፣ ሣጥኑ ግን ባዶ ቀረ አሉ። ቀጥለውስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? አንቺን ሊጠይቁ የመጡት፣ የዚያ ጎንደር ያለው ልጅ ሽማግሌዎች ለምን ሳይመለሱ ቀሩ! እኔ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው ያልኩት፤ የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ይላል እንዴ?

ልዋሻቸው አልቻልኩም። እንዳይመለሱ የለመንኩህ እኔ መሆኔን፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እሳቸውን ብቻቸውን ጥዬ መሄድ እንዳቃተኝ ነገርኳቸው።

ወይ ቁጣ! እኔ ጠባቂ የሚቆምልኝ የሰሊጥ ክምር ነኝ ወይ አሉ። አክስትሽ ሙባረካ ከኮኪት መጥታ አብራኝ ልትኖር ስንቴ ለምናኛለች፤ አንቺ በቤትሽ ሌላ እመቤት መጣብኝ እንዳትዪ ብዬ ነው የምከለክላት፤ ኸላስ፣ በቃ አሉ። ለካ እኔ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእኔ ስንል ሁለታችንም በር ዘግተን ተቀምጠናል። አለቀስኩ። እሳቸውም ጉልበቴን አመመኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አክስቴ ሙባረካ አሁን ዕቃዋን ጠቅልላ መጥታለች። አባባ ግቢውን አስጠርገዋል፤ ከበሽር ሻይ ቤት ወንበር ሊዋሱም ተነጋግረዋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ለእንግዳ ይሉኛል። ክረምቱ ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይበላሽ ቢመጡ ይሻላል ሲሉም ሰምቻለሁ፤ እነማን እንደሆኑ ግን አልተናገሩም።

እኔም አልናገርም። ናፍቀኸኛል፤ እሱን መደበቅ አልችልበትም። ልብህ ሌላ ቤት ገብቶ ከሆነ አልቀየምህም። እንደዚያ ከሆነ ዝም በል፤ ይገባኛል። ካልሆነ ግን መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ የእናትህንም ዕድሜ ያርዝምልን።

እስከዚያው ጓደኛህ፣
ከመተማ ዮሐንስ