ለእህቴ ነው የምጠይቀው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የአዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ደረጃ ማለቂያ የለውም ካልሽኝ ወዲህ አንቺን ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ጉልበትሽ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት አቅቶኝ ሁለት ቀን ፀጉሬን ሳላበጥር ከመዋሌ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ለምን እንዳመመኝ እነግርሻለሁ፤ በደብዳቤ ግን ነው። በስልክ ከሆነ ገና «ሄሎ» ሳልል ፍርድ ትሰጫለሽ። ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

አንቺ ሰው፣ ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂዋለሽ? ኧረ ምን በድዬሽ ነው!

ነገሩን ከመነሻው ላስታውስሽ። ዘንድሮ ሱቃችን ለአንድ ትልቅ አዳራሽ መጋረጃ እንዲሰፋ ታዘዘ። ልሰቅል የሄድኩ ቀን፣ ከጣሪያው ረጃጅም ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ሴቶች እንደ ሰርከስ ሰዎች እግራቸው ላይ እየጠመጠሙት ወደ ላይ ሲወጡ አየሁ። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ መንጠቆውን እጄ ላይ ረሳሁት። አሰልጣኟ፣ ሰውነቷ ክር የሚያህል ድምጿ ግን የሦስት ሰው፣ «ቀኑን ሙሉ ጣቃ ስትሸከሚ የኖርሽ ሴት ክንድ አለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ጀማሪዎችን አስተምራለሁ፤ ነይ» አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቀውም። ሞኟ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የደወልኩት ላንቺ!

ምን አልሽኝ? «አርባ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ አጥንት እንደ መጋረጃ ተቀዶ አይሰፋም።» ቀጥለሽም «ሰው ይስቅብሻል» አልሽ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስለሚያፈሰው ቧንቧሽ ታወሪኝ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት ባንቺ ብቻ አይደለም። ቃልሽ ዘው ብሎ የገባው በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። መስታወት ፊት እቆምና ሆዴን፣ ዳሌዬን እያየሁ፣ ይሄን ሁሉ ማን ያነሳዋል እላለሁ። ሃያ ዓመት የሰው መስኮት ስለካ ኖሬ የራሴን ልክ አሳንሼ የቆረጥኩ ሴት ነኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ያውም የሆነ ነገር የረሳሁ ለመምሰል ቦርሳዬን እየበረበርኩ። ለማን እንደማስመስል እንጃ፤ መንገዱ ላይ ድመት እንኳን አልነበረም። በሁለተኛው ቅዳሜ ገባሁ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ ከዚያ ትምህርቱ እስኪያልቅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ። በር በተንኳኳ ቁጥር «ሰው አለ!» እላለሁ። ሳቂ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ያን ቀን ራሴን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ተነስቼ ልሄድ ስል አሰልጣኟ መጥታ ከጎኔ ቁጭ አለች። ትክ ብላ አየችኝና «አንቺ እህትየዋ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። የምን እህት ብላት፣ አምና አንዲት ሴት ሦስት ቅዳሜ ተከታትላ እዚያው ወንበር ላይ እየተቀመጠች ትሄድ እንደነበር አወራችኝ። ረጅም ናት አለችኝ፤ ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ታቅፋለች። ጫማሽን አውልቀሽ ሞክሪ ስትባል «አይ፣ ለእህቴ ነው የምጠይቀው» ትላለች። ካርባ ዓመት በኋላ ጀምሮ የቻለ ሰው አለ ወይ? ጨርቁ አይበጠስም ወይ? ሰው ይስቃል ወይ? በአራተኛው ቅዳሜ ቀረች።

እትዬ፣ አምና እኔ እንዲህ ያለ አዳራሽ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ያንቺ የድሮው መሥሪያ ቤት ግን ከጀርባው ነው።

ምን ልበላት? «አዎ፣ እህትየዋ እኔ ነኝ» አልኳት። መናደዴን ልቀጥል ብዬ ነበር፤ እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ።

አልዋሽሽም፣ አላማረብኝም። ጨርቁን በሁለት እጄ ጨብጬ ተንጠለጠልኩና ፍራሹ ላይ እንደ ጆንያ ዘጭ አልኩ። አብራኝ የምትማር የአውቶቡስ ሾፌር ከት ብላ ሳቀች። አዎ፣ ሰው ይስቃል! ግን እየሳቀች እጇን ዘርግታ አነሳችኝና «እኔ የመጀመሪያ ቀን ሱሪዬም አብሮኝ ወርዷል» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ተስቆበት የሞተ ሰው የለም፣ እትዬ።

በስድስተኛው ሙከራ ጨርቁን እግሬ ላይ ጠምጥሜ፣ ረግጬው ቆምኩ። ከፍታው ቢበዛ አንድ በርጩማ ያህል ነው፤ ለሰው የሚወራ አይደለም። ግን ከሥሬ ምንም አልነበረም፤ ልቤም ፀጥ አለ። ከዚያ ሆኜ ቀና ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? አንዱ መጋረጃዬ ጠርዙ ተጣሞ ተሰፍቷል! በነጋታው ሄጄ አወረድኩት።

አሁን ሰባተኛ ቅዳሜዬን ጨርሻለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልሽኝ አልጠይቅሽም። አንቺም አታስረጂኝ። የሚመጣው ወር ለዕረፍት ስትመጪ ግን ቅዳሜ ጠዋትን ለማንም ቀጠሮ እንዳትሰጪ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ያዢ። ጥፍርሽን ቁረጪ፤ ቀለበትሽንም ቤት አውልቀሽ ነይ፣ ጨርቁን ይስበዋል። ደግሞ ለምን ብለሽ እንዳትደውይልኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ልጆችሽን በሰላም ያሳድግልሽ፣ በደህና ያገናኘን።

ከነንዴቷ የምትወድሽ፣
ታናሽ እህትሽ