ቢጫው ሳጥን ውስጥ ያሉት ሃያ ጥይቶች

ጋዊ፣

ቅዳሜ ከሰዓት ዒላማ መተኮሻው ላይ ለአጎት ፋኒ ያልካቸውን አልረሳሁም። «አቲን የባሩድ ሚዛን አያስነኩት፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ከቁጥር ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው።» እሳቸውም ሳቁ። እኔ ታላቅህ የተኮስካቸውን ባዶ ቀለሆች ከመሬት ለቀምኩ።

ቢጫው ሳጥን ውስጥ ሃያ ጥይት ሠርቼልሃለሁ። ጠመንጃህ የሚወደውን የባሩድ ልክ አግኝቼዋለሁ። ትናንት በመቶ ሜትር አምስት ተኩሼ፣ አምስቱን ቀዳዳ በአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ሸፈንኳቸው። የዒላማው ወረቀት ክዳኑ ሥር ነው፤ ለአጎት ፋኒ አሳያቸው።

ቀለሆቹ ባንተ ጠመንጃ ተተኩሰው የሱን ቅርጽ ይዘዋል። በኔ እንዳትሞክራቸው፣ አይገቡም።

አምና ክረምት ፊትህን የለበለበህ ጥይት የፋብሪካ ነው ብዬህ ነበር።
አልነበረም።
ባሩዱን ስሞላ ሚዛኑን አሳስቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጉንጭህ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ልነግርህ እልና እተወዋለሁ።
እነዚህን ሃያውን ግን አንድ በአንድ ሦስት ሦስት ጊዜ መዝኛቸዋለሁ።

ሰኞ ለሚዳቋ አደን ስትወጣ አትጠብቀኝ። ዛሬ ወደ ግራፍ ራይኔት ከተማ የሚሄደው የበግ መኪና ይወስደኛል። የእማማን አልጋ አትሽጠው።

አሁን ከጓሮ «ጋሼ፣ ሻይ ላፍላ?» እያልክ ነው።
ሰምቼሃለሁ።
ይህን ስታነብ በፊት ለፊቱ በር ወጥቻለሁ።

አቲ